ተወንጫፊ ሚሳይልን መመከት ይቻላልን?



ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችውን መሸንቲን ብዙዎቻችሁ አልፋችሁባት ታውቁ ይሆናል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የትግራይ ኃይሎች ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጐንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት በተኰሱ ጊዜ የጐንደሩ ማረፊያ ሲጐዳ፣ ወደ ባሕር ዳር የተላከው ዒላማውን ሳተ። በኅዳር 11 ቀንም ባሕር ዳር ዳግመኛ ተተኰሰባት። ዒላማውን የሳተ ሮኬት ከማረፊያው አጥር ውጭ ባለው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላልና ነገሩ መሸንቲንና መሰሎቿን ሁሉ ይመለከታል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ በአየር ላይ ሳለ መትቶ መጣል ይቻላልን? መቻሉስ ይቻላል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ባሊስቲክ ሚሳይል ሞተሩ የሚነደው በመነሻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጥቶ ይወርዳል። ስለዚህ ራዳር ካየው የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ ማስላት አያዳግትም። የሚያዳግተው የጊዜው ማጠር ነው፤ ጕዞው በጠቅላላው 5 ደቂቃ ገደማ ነውና። በየካቲት 1983 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ በዳህራን የነበረው የፓትሪየት መከላከያ ከ100 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ የኮምፒዩተሩ ሰዓት በሰከንድ ሲሶ ያህል ስለ ተዛነፈ የመጣውን ስከድ ሳይተኩስበት ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮችም ሞቱ። ሲሶ ሰከንድ ማለት ዓይን የሚርገበገብበት ጊዜ ያህል ነው!

ደግሞም የአገራችን ስፋት 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን አንዱ የፓትሪየት ምድብ ከባሊስቲክ ሚሳይል የሚከልለው በዙሪያው ያለውን ጥቂት አገር ብቻ ነው። አዲሱ መካች ሚሳይል አንዱ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ለአንድ መጪም ሁለት መተኰስ የተለመደ ነው። እንግዲህ አገርን በሙሉ እንከልል ማለት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከንቱ ምኞት ነው። የሚቻለው ጥቂት ስፍራ መርጦ መጠበቅ ነው። ማረፊያው ይመረጥ፣ የዓባይ ድልድይም ይመረጥ፤ መሸንቲን ግን ማን ይመርጣታል? በአየር ላይ የተመታውም ሚሳይል ቢሆን ስብርባሪው ከታች ባለው ሰው ላይ መውረዱ አይቀርም።

ለእርሷ የሚሆናት ማስጠንቀቂያና ጕድጓድ ነው። ከ5ቱ ደቂቃ 2ቱ ብቻ ቢተርፉ፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ከደረሰና ምሽጉ በትምህርት ቤቱና በገበያው አጠገብ ከተቈፈረ ብዙ ሰው ይገባበታል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ፣ ደወሉን በሌሊት የሚደውለው ማን እንደ ሆነ፣ መብራትም ቢጠፋ በምን እንደሚደወል በጽሑፍ ሰፍሮ እንደ ሆነ መዝገብ ቤታችሁን ጠይቁ።