በአደባባይ እንናገር፣ በምርመራ ክፍል እንጠንቀቅ

(ለወላጆችና ለወጣቶች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። እኛም መምህራን ስናሠለጥን ከወላጆች ደጋግመን ሰምተነዋል። ልጁ ስለ ፖሊስ በስልኩ ይጽፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ለምርመራ ቅረብ ይባላል። እናት ትደነግጣለች። አባት ደግሞ «ንጹሕ ከሆንህ ምን ያስፈራሃል? ሂድና ሁሉንም ንገራቸው» ይለዋል። ልጁም ብቻውን ሄዶ፣ የተጠየቀውንም ያልተጠየቀውንም ተናግሮ፣ በደንብ ያላነበበውን ወረቀት ፈርሞ ይመለሳል።

ይህ ምክር ከየት መጣ? ወላጆቻችን የኖሩት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌ የጠራው ሰው ዝም ቢል ዝምታው ራሱ ያስጠረጥረው ነበር። ስለዚህ ሁለት ልማድ ይዘን መጣን፦ በአደባባይ ዝም ማለት፣ በመርማሪ ፊት ሁሉን መዘርገፍ። እዚህ የሚያስፈልገን ግን ተቃራኒው ነው።

በአደባባይ መናገር ዋጋ አለው። በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ወንድማችን በሖሎን በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ፊልም ባይሰራጭ ኖሮ ማን ያምነን ነበር? በ2019 ሰሎሞን ተካ በሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ወጣቶቻችን የተጠራሩት በስልካቸው ነው። በዚያ ሰሞን በአንድ ቀን ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ተይዘዋል።

ታዲያ ፖሊስ ምን ማየት ይችላል? ለሕዝብ የተጻፈውን እንደ ማንኛውም ሰው ያነባል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተጻፈም ቢሰረዝ ፎቶው ሰው ዘንድ ይቀራል። በ2007 የወጣው ሕግ ደግሞ ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማን ለማን፣ መቼና ከየት እንደ ደወለ ከስልክ ኩባንያ እንዲወስድ ይፈቅዳል። በ2022 አንድ የመንግሥት አጣሪ ቡድን ፖሊስ ያለ ትእዛዝ ስልክ ለመጥለፉ ማስረጃ አላገኘም፤ ነገር ግን የስለላ መሣሪያው ከተፈቀደው በላይ መረጃ ያመጣ እንደ ነበር ገልጿል።

መብት ማለት ዛቻ ማለት አይደለም። ለሁከት መቀስቀስ እስከ 5 ዓመት፣ የመንግሥት ሠራተኛን መስደብም እስከ 6 ወር ሊያሳስር ይችላል። ልጆቻችን፤ የሆነውን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉ፤ ስድቡን ተዉት።

ጥሪ ሲመጣስ?

አንደኛ፣ አትቅሩ። ግን እንደ «ዔድ» ማለትም ምስክር፣ ወይስ እንደ «ሓሹድ» ማለትም ተጠርጣሪ እንደ ተጠራችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ተጠርጣሪ ከምርመራ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አለው። የታሰረና አቅም የሌለው «ሳኔጎርያ ጽቡሪት» የሚባለውን የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ለተጠርጣሪ ዝም ማለት መብት ነው። ሆኖም መርማሪው ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ ዝምታ ሌላውን ማስረጃ ሊያጠናክር ይችላል። ስለዚህ መናገሩ ይሻል እንደሆነ ዝም ማለቱ ከጠበቃ ጋር ወስኑ። መዋሸት ግን በጭራሽ አይገባም።

አራተኛ፣ በ2002 የወጣው ሕግ ተጠርጣሪ በቋንቋው ወይም በሚገባውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲመረመር ያዛል። አፍረን «ገባኝ» አንበል፤ አማርኛ ወይም ትግርኛ እንጠይቅ።

አምስተኛ፣ «ስልክህን ክፈት» ስትባሉ የዳኛ ትእዛዝ መኖሩን ጠይቁ። ትእዛዝ ከሌለ የሚያስፈልገው የእናንተ ፈቃድ ነው፤ እምቢ ማለትም ይቻላል።

ስድስተኛ፣ አንብባችሁ ያልተረዳችሁትን አትፈርሙ።

ወላጆች ሆይ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲጠራ አብራችሁ ሂዱ፤ በምርመራው ላይ መገኘት እንደምትፈልጉም ተናገሩ። ልጃችሁን «ምን አድርገህ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ጠበቃ አነጋገርህ ወይ?» በሉት። ያን ጊዜ ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገም እውነቱን ለመጻፍ አይፈራም።

 እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።