መዳብን ማጥራትና ማጠንከር



ብርቅ የሆነ የቅንጣት ምልክት ለሚጠባበቅ መሣሪያ ክፉው ጠላት የራሱ አካል ነው፤ በብረታ ብረቱ የተደበቀ ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣልና። በኤሌክትሪክ ኃይል ከአሲድ ውስጥ በዝግታ የሚለበጥ መዳብ ከነዚህ እጅግ ይጠራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው። ለስላሳ ሲሆን ግድግዳው ይወፍራል፤ በወፈረም መጠን ጨረሩ ይበዛል። ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ክሮሚየም ተዋህዶት በእሳት ሲገራ ይጠነክራል፤ እርግጥ ክሮሚየሙም ንጹሕ ከሆነ።

ቦታም ይቈጠራል። ከእንጦጦ ሥር ያለችው ጉለሌ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከሕዋ የሚወርደው ጨረር በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳር ይልቅ በርትቶ በመዳብ ውስጥ ኮባልት 60 ይፈጥራል፤ የዚህም እኩሌታ የሚከስመው በ5.27 ዓመት ነው። ጉለሌ ላይ የተሠራ መዳብ፣ ጥበቡ ቢሟላ እንኳ፣ በመጋዘን ባደረ ቍጥር ይጐድፋል። በአሜሪካ ለማጆራና ሙከራ መዳብ በቀድሞው የሆምስቴክ ወርቅ ጉድጓድ 1,480 ሜትር ያህል ከምድር በታች የተለበጠው ስለዚሁ ነበር።