ወደ ወታደር ሙዚቃ ከበሮ መቺ ሆኖ ስለ መግባት



ማናቸውም ሥራ በሩቅ ሲያዩት አንድ ነገር፣ በቅርብ ሲይዙት ሌላ ነገር ነው። አባቶች ይህን በአጭር ቃል ጨርሰውታል፤ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለዋል። ተረቱ ለሥራ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል፤ ዛሬ ግን ስለ ራሱ ስለ ከበሮው ይነገራል፤ ይልቁንም አንድ ወጣት «በወታደር ሙዚቃ ውስጥ ከበሮ መቺ ልሁን» ብሎ ሲነሣ አባቱና መምህሩ ሊያስቡት ስለሚገባው ነገር ይነገራል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የገጠር ቤተ ሰብ በምሳሌ ይቅረብ። አባትዮው በደብሩ አቋቋም የተማረ፣ በክብረ በዓል ቀን ከበሮ የሚይዝ ሰው ነው። ልጁም ዳዊት የደገመ፣ ኋላም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ፣ ዕድሜው 17 ዓመት የሆነ ወጣት ነው። ይህ ልጅ በወረዳው ከተማ በበዓል ቀን የወታደር ሙዚቃ ተሰልፎ ሲያልፍ አየና ልቡ ከከበሮው ጋራ ሄደ። ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ «አባባ፣ ዕድሜዬ ሲደርስ ወደ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ገብቼ ከበሮ መምታት ልማር» ብሎ ለመነ። አባቱ ግን ተቈጥቶ «ዳዊት ያስደገምሁህ የወታደር አዝማሪ እንድትሆን ነውን? ከበሮ ለመቅደስ የተሰጠ ነው እንጂ ለጫማ ኮቴ አይደለም» አለው።

በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው የአዝማሪነት ንቀት ነው፤ ሁለተኛው የከበሮ ክብር ነው። ሦስተኛው ያልተነገረው ነው፤ እርሱም «ልጄ ከሄደ በሬውን ማን ይጠምዳል?» የሚለው የአባት ጭንቀት ነው። ሦስቱም በየተራ መልስ ይገባቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ከበሮ ክብር ይነገር። ከበሮ በአገራችን የጨዋታ ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈ፣ እስራኤል ባሕረ ኤርትራን በተሻገሩ ጊዜ የሙሴ እኅት ማርያም ከበሮ ይዛ አመስግናለች፤ የመዝሙረ ዳዊት 150ኛው መዝሙርም ከበሮን ከምስጋና ዕቃዎች ጋራ ይቈጥረዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዘንድ ከበሮ ራሱ መጽሐፍ ነው፤ በላዩ የተወጠረው ጠፍር በጌታ ገላ ላይ የታየው የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ብለው ያስተምሩበታል። በማኅሌትም ከበሮ የሚያዘው እንዲያው አይደለም፤ ዝማሜው በመቋሚያና በጸናጽል ከሄደ በኋላ መረግዱ ሲደርስ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጽፋቱ ሲደርስ ይፈጥናል። የካህናቱን እግርና እጅ የሚያስማማው ይህ ነው።

በመንግሥት ዘንድ ደግሞ ነጋሪት ነበረ። ስሙ «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የሚናገር ማለት ነውና። ነጋሪት ሲጐሰም ሕዝብ አዋጅ ለመስማት ይሰበሰባል፤ ጦር ሲነሣም በነጋሪት ድምፅ ይነሣ ነበር። ነጋሪት የተፈቀደለት መኰንን ሹመቱ በዚያ ይታወቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ማውጫው ጋዜጣ በተመሠረተ ጊዜ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬም የፌዴራል መንግሥቱ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ይህንኑ ስም እንደ ያዘ ነው። እንግዲህ በመቅደስ የከበረ፣ በዐደባባይም የነገሥታትን ቃል ያሰማ ዕቃ በወታደር ፊት ቢመታ ክብሩ አይቀንስም።

በፈረንጅ ሥርዐት የተሠራው የነሐስ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው ግን በቅርብ ዘመን ነው። ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልኮ ነበር። ኋላም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ አባትና እናት የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ ሲመቱ አዩ። እነዚህ ልጆች በቱርክ መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ከወረደው ዕልቂት የተረፉ ነበሩ። ተፈሪም አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ደረሰ። ያ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል ተሰምቷል።

እዚህ ላይ የሚያስተውል ሰው አንድ ነገር ያገኛል። እነዚያ ልጆች ቤትና ዘመድ አጥተው የነበሩ ናቸው፤ ሙዚቃው ግን እንጀራም፣ ማዕርግም፣ አገርም ሆነላቸው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላም በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሩ። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ የሙዚቃ ክፍል ወጥተው ስማቸው በአገር ሁሉ ታወቀ። በቀድሞው ዘመን አዝማሪን መናቅ ልማድ ነበረ፤ ነገር ግን የንቀቱ ምክንያት ልማድ ብቻ እንጂ በሥራው ነውር የተገኘበት አይደለም። በሸማኔና በአንጥረኛ ላይም ይኸው ንቀት ነበረ፤ የናቋቸውም ሰዎች ሸማ ሳይለብሱና ማረሻ ሳይዙ አልዋሉም።

አሁን ከበሮ መቺው የሚሠራውን ሥራ መመልከት ይገባል፤ ያልታወቀ ሥራ ይናቃልና።

በወታደር ሙዚቃ ውስጥ ሁለት ዐይነት ከበሮ አለ። ትልቁ ከበሮ በደረት ላይ ተሸክመውት በግራና በቀኝ ፊቱ ጫፉ በተጠቀለለ በትር ይመታል። ትንሹ ከበሮ በሁለት ቀጫጭን በትሮች ይመታል፤ ከታችኛው ፊቱ ሥር የተወጠሩ ክሮች ወይም ሽቦዎች ስላሉበት ድምፁ ይንሿሿል። ይህ ትንሽ ከበሮ ከትከሻ ወርዶ በጐን ዘመም ብሎ ይንጠለጠል ስለ ነበር፣ መቺው የግራ እጁን በትር ከቀኙ በተለየ አያያዝ፣ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል አግብቶ ይይዘው ነበር፤ ይህም አያያዝ እስከ ዛሬ ይማሩታል። ሁለት የነሐስ ሳሕኖችን እያጋጨ የሚያሰማ ሌላ ሰውም ከአጠገባቸው ይቆማል። ትልቁ ከበሮና የነሐሱ ሳሕን ወደ አውሮፓ ሠራዊት የገቡት በፈረንጅ አቈጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ከቱርክ ሠራዊት ሙዚቃ ተወስደው ነው።

ሰልፈኛ ጕዞውን በግራ እግሩ ይጀምራል፤ የትልቁ ከበሮ ጽኑ ምትም የግራ እግር መሬት ሲረግጥ ይወድቃል። በብዙ አገሮች ሠራዊት ፈጣኑ እርምጃ በአንድ ደቂቃ 120 ያህል ነው፤ እንግዲህ ለአንድ እርምጃ የሚተርፈው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ነው። ድምፅ ደግሞ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰልፉ 100 ሜትር ቢረዝም ምቱ ከኋላ ላለው ወታደር የሚደርሰው ከሩብ ሴኮንድ የሚበልጥ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ይህም ከግማሽ እርምጃ ይበልጣል። ስለዚህ የኋለኛው ወታደር በጆሮው ብቻ ሳይሆን በፊቱ ያለውን ሰው እግር በዐይኑ እያየ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ላይ ከበሮ መቺው አንድ ጊዜ ቢፈጥን፣ አንድ ጊዜም ቢዘገይ፣ ሰልፉ ሁሉ ይፈርሳል። ጥፋቱ የአንድ ሰው ሲሆን የሚሰናከለው እግር የብዙ ሰው ነው።

ይህን ለመቻል ወጣቱ ብዙ ወራት በጣውላ ወይም በላስቲክ ላይ ይለማመዳል። መጀመሪያ «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ» ይላል፤ ከዚያ «ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ግራ» ይላል፤ ኋላም «ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ» እያለ ሁለቱን እጆች እኩል ያደርጋቸዋል። የደከመው እጅ እንደ በረታው እስኪሆን ድረስ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይሄዳል። ሁለተኛም የሙዚቃ ጽሕፈት ማንበብ ይማራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንደ ሠሩለት፣ ለከበሮ ምትም ምልክት አለው፤ ረዥሙና አጭሩ፣ ጽኑውና ለስላሳው ይጻፋል። ዝምታውም ይጻፋል፤ መቺው ዝም ያለበትን ጊዜ እንደ መታበት ጊዜ አድርጎ ይቈጥራል። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ፣ ሒሳብም ያልተማረ ሰው በዚህ ሥራ ይቸገራል፤ የገጠር ትምህርት ቤት ድካም ከዚህም ይደርሳል ማለት ነው።

በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ጦርነት ከበሮ የአዛዡ ምላስ ነበረ፤ «ተነሡ፣ ወደ ፊት፣ ተመለሱ» የሚለው ትእዛዝ በከበሮ ይሰማ ነበር። ለዚህም ሥራ ትንንሽ ልጆችን ወደ ጦር ሜዳ ይወስዱ ነበር፤ ይህም የሚያሳዝን ክፉ ልማድ ነበር። ዛሬ ትእዛዝ በሬዲዮ ስለሚተላለፍ ከበሮው በሰልፍ፣ በብሔራዊ በዓል፣ በእንግዳ አቀባበልና በቀብር ጊዜ ያገለግላል። በብዙ አገር በወታደር ቀብር ከበሮው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ በዝግታ ይመታል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ሰው ከበሮ ለደስታ ብቻ እንዳልተሠራ ያውቃል።

መምህራንና አባቶች ወጣቱን ከመላካቸው በፊት ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ ዕድሜው 18 ዓመት ሳይሞላ አይሂድ፤ ልጅን ለወታደርነት መስጠት በሕግም በኅሊናም የተከለከለ ነው። ሁለተኛ፣ የሙዚቃ ክፍል ሰው አስቀድሞ ወታደር መሆኑን ይወቅ፤ ቃል ኪዳን ይገባል፣ ይታዘዛል፣ በተመደበበት ይሄዳል፤ ከበሮውን ብቻ አይቶ የገባ ኋላ ይጸጸታል። ሦስተኛ፣ ልቡ ይፈተን፤ ለመታየት የሚወድ ነውን? ወይስ ሌሎች በእርሱ ምት ቢራመዱ ደስ የሚለው ነው? ለመታየት የሚወድ ሰው ምቱን ያፈጥናል።

በምሳሌው ውስጥ የነበረው አባትም ልጁን በዚህ ፈተነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገሩን ከተመለከቱ በኋላ አባትዮው «እስኪ በታቦቱ በዓል ከበሮውን ያዝ» አለው። ልጁም ደስ ብሎት ያዘ። መረግዱ ላይ በደኅና ሄደ፤ ሕዝቡ እንደሚያየው ባወቀ ጊዜ ግን እጁ ሮጠ፤ ካህናቱ ጽፋቱ ሳይደርስ እግራቸው ተለያየ፤ አንዱ ሽማግሌ መቋሚያውን አንሥቶ ምልክት ሰጠው፤ አባቱም ከበሮውን ከአንገቱ አውርዶ ተቀበለው። ልጁ በዚያ ሌሊት እጅግ ዐፈረ። ሲነጋ አባቱ ሳይቈጣው «ከበሮው በአንተ እጅ ነበረ፤ እግሩ ግን የሰው ነው» አለው።

ልጁም ዓመቱን ሙሉ ተለማመደ። ከብት ሲጠብቅ በግንድ ላይ እየመታ ቈጠረ፤ ውሃ ሲቀዳም እርምጃውን ቈጠረ። በዓመቱ በዚያው በዓል እንደ ገና ከበሮውን ያዘ። ማኅሌቱ ሲፈጸም ሰዎች «ዛሬ እንዴት ያማረ ማኅሌት ነው!» ተባብለው ወጡ፤ ከበሮውን ማን እንደ ያዘ ግን የጠየቀ አልነበረም። አባትዮው ይህን ሰምቶ «አሁን ሂድ» አለው፤ ዕድሜውም በዚያ ጊዜ 18 ዓመት ሞልቶ ነበር። ስለ በሬው ነገር ከወንድሙ ልጅ ጋራ ተነጋግሮ እርሻው በወንፈል እንዲሆን አደረገ።

እንግዲህ የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፣ ወጣት ይህን ሥራ ሲመኝ አትሳቁበት፤ ቶሎም አትስደዱት፤ ፈትናችሁ ልቀቁት። መምህራንም ጠዋት ተማሪዎች ሲሰለፉ ምት የሚጠብቀውን ልጅ በዐይናችሁ ፈልጉ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ሳይሆን ቁጥሩን የማይስተው ነው።