ቁልቁል ወደ ቁሉምሳ

ከአሰላ ወደ ቁሉምሳ በብስክሌት የሚወርድ ሰው ፔዳል ብዙ መምታት አያስፈልገውም። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቁሉምሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ደግሞ 2,200 ሜትር ላይ። በመካከላቸው ያለው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሲወርዱ ፍሬን፣ ሲመለሱ ትንፋሽ ይጠይቃል። የጡረታዬ የመጀመሪያ ዓመት አብዛኛው በዚህ ቁልቁለትና ዳገት ላይ ስላለፈ፣ ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ስለሱ ላውጋችሁ።

እኛ አገር ሠራተኛ ስድሳ ሲሞላው ከመሥሪያ ቤቱ ይሸኛል። ሽኝቱ ደስ ይላል፤ ንግግር አለ፣ ፎቶ አለ፣ ብዙ ጊዜም ጋቢ አለ። ጋቢውን ወድጄዋለሁ፤ የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጋቢው ጋር የሚመጣው ምክር ግን ያሳስበኛል። «እንግዲህ ይበቃሃል፣ ፀሐይህን እየሞቅህ አረፍ በል» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ ሆኖም ስንቱን ብርቱ ሰው ከደጃፉ ወንበር ጋር አጣብቆ እንዳስቀረው አይቻለሁ። ለዚህ ነው ብስክሌት የገዛሁት። በልጅነታችን በሰዓት እየተከራየን፣ እየወደቅን እየተነሣን የለመድነው ነገር ነውና እግሬ አልረሳውም። ለጉልበትም ይራራል፤ የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው ኮርቻው ነው።

የአርሲ ደጋ አየር ስስ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በቆጂ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ያደጉት ይህንን አየር እየሳቡ ነው። ሯጮቻችንን ስናነሣ ስለ አየሩ ሁልጊዜ እናወራለን፤ ይኸው ስስ አየር ለብስክሌት ሌላ ውለታ እንደሚውል ግን እምብዛም አይነገርም። ሜዳ ላይ ብስክሌተኛን ወደ ኋላ የሚይዘው ትልቁ ነገር ፊቱን የሚገፋው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መንገዱ ይለቅለታል። የቤልጂጉ ኤዲ መርክስ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን የሰበረው እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው። የሄደውም ለከፍታው ነው፤ ከተማዋ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቁሉምሳ ማሳ ጋር እኩል ማለት ይቻላል።

ሜክሲኮ ስትነሣ ማሞ ወልዴ ትዝ ይለናል፤ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1961 ዓ.ም. በማራቶን ወርቅ ያገኘባት ከተማ ናት። ማሞ ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949ኙ የሜልበርን ቡድን ውስጥ ነበረ። ያ ቡድን የሯጮች ብቻ አልነበረም። እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌተኞችም አብረው ተሰልፈዋል፤ ገረመው በሮምም ተወዳድሯል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የገባችው በእግርም በጎማም ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ አሮጌ መንገድ እየቀጠለ ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን አብዝተን ልንነግራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የሥራ ዘመኔ በግብርና ነበር። የኢተያን፣ የሳጉሬንና የበቆጂን መንገድ ስንት ዓመት በመኪና ተመላልሼበታለሁ። ዘንድሮ ሳጉሬ አካባቢ ማሳው ዳር ቆሞ ያገኘሁት አንድ አዛውንት ገበሬ ካስተዋለኝ በኋላ፣ «ድሮ በመስታወት ነበር የምናይዎት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ሳልቆም አልሄድም።

ሳጉሬ ያለችበት ወረዳ ዲገሉና ጢጆ ይባላል። በ1997 ዓ.ም. የተለቀቀ አንድ የስንዴ ዝርያ ስሙ ዲገሉ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የሚሉት በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ሲያጠቃ፣ ዲገሉ ስለተቋቋመው ገበሬው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ፤ አርሲና ባሌ በሰፊው ዘሩት። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2006 ዓ.ም. ግንድ ዋግ መጣበት። ዋግ ዘሩ ብናኝ ነው፤ ነፋስ ከአገር አገር ያደርሰዋል። ግንዱን ይዞ የፍሬውን ምግብ ይመጠዋል፣ አገዳው ይሰበራል፣ የቀረው ፍሬ ይጨማደዳል። ያን ጊዜ ምንም ሳያጭዱ የቀሩ ማሳዎች ነበሩ። እኛ በሪፖርት በሄክታር እየቆጠርን ጽፈነዋል። አዛውንቱ ግን የነገረኝ የዚያን ዓመት ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳስቀረና አንድ በሬ እንደሸጠ ነው። ከብስክሌት ወርጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ የሚጠብቀኝ ሾፌርና ስብሰባ ሳይኖር የሰማሁት ነው። መስከረም ላይ አብረን ቅጠል በጣታችን እያሸን አየን፤ ዋግ ካለ ብናኙ ጣት ላይ ይቀራል። አልነበረም። እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ራቅ ያለውን ጉዞ በሚኒባስ አግዤዋለሁ። ብስክሌቱ ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰራል፣ እኔ ውስጥ እገባለሁ፤ ኮፈሌ የደረስኩት እንደዚያ ነው። በቆጂ ላይ ማለዳ በቡድን የሚሮጡ ልጆችን ተከትዬ ጋልቤያለሁ፤ ዳገቱ ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ኅዳር ላይ ኮምባይነር ስንዴውን ሲያጭድ መንገዱ በገለባ ብናኝ ይሸፈናል፣ ዓይን መከለያ ግድ ነው። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያ ሳይዙ መውጣትም አይመከርም፤ ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ብቻ ነው።

የሚያስፈራኝ አንድ ነገር የመንገዱ ዳር ነው። ስንዴና ብቅል ገብስ የጫነ መኪና ከኋላ ሲመጣ፣ አስፋልቱ ጫፉ ተበልቶ ከሆነ ብስክሌተኛ የሚሸሽበት የለውም። ተማሪውም፣ አህያ የሚነዳውም፣ ጋሪውም ያው ነው። አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ለብስክሌት መስመር መሥራት ጀምራለች። በገጠሩ መንገድ መስመር ይሠራ አልልም፤ አንድ ሜትር ተኩል ደህና የመንገድ ትከሻ ግን ሕይወት ያድናል፣ መንገድ ሲታደስ አብሮ ይታሰብ እላለሁ። ይህን የምለው ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ማለዳ ደብተሩን ይዞ በዚያ ጠርዝ ላይ የሚሮጠውን ልጅ በየጊዜው ስለማገኘው ነው።

ለሚመጣው ዓመት ሐሳቤ ከበቆጂ ወዲያ አሳሳን ይዤ ዶዶላ መድረስ ነው። እስከዚያው ግን ቅዳሜ ማለዳ በኢተያ በኩል እወርዳለሁ፤ ጡረታ የወጣችሁ፣ ብስክሌት ያላችሁ፣ ጎማችሁን አስነፍታችሁ መንገድ ላይ ጠብቁኝ።