ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?



ገበሬ ፖለቲካ ውስጥ የሚገባው ሥልጣን አምሮት ነው ይባላል። እኔ ግን የሚያስገባው ሚዛን ነው እላለሁ።

በአሜሪካ የኖርዝ ዳኮታ ገበሬ ስንዴውን ያመርት ነበር። ደረጃውን የሚወስነው ግን ነጋዴው፣ ወለዱን የሚተምነው ባንኩ፣ የጭነቱን ዋጋ የሚቆርጠው የባቡር ኩባንያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 ተልባ ዘርቶ የከሠረው አርተር ታውንሊ በየእርሻው እየዞረ ገበሬዎችን አስተባበረና ኖንፓርቲሳን ሊግ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ አዲስ ፓርቲ አልመሠረተም፤ በሪፐብሊካን ፓርቲ የዕጩዎች ምርጫ የራሱን ሰዎች አስመረጠ እንጂ። በ1916 ሊን ፍሬዘር የተባለ ገበሬ አገረ ገዥ ለመሆን ተመረጠ። በ1919 የግዛቱ ባንክ ተከፈተ፤ በ1922ም የግዛቱ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ የባንኩም አሠራር ተነቀፈ። በ1921 ሕዝቡ ፍሬዘርን ዘመኑ ሳያልቅ በድምፅ አወረደው። ነገር ግን ልብ በሉ! በዚያው ምርጫ የማኅበሩን ሥራ ለማፍረስ የቀረቡትን ሐሳቦች ያው መራጭ ውድቅ አደረጋቸው። ሰውየውን ሻረ፤ ሥራውን አስቀረ። ባንኩም ፋብሪካውም ዛሬ ድረስ የግዛቱ ሀብት ናቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ የተማርን ነን ባዮች ስለ ገበሬው መናገር ይቀናናል። የኖርዝ ዳኮታ ገበሬ ግን ጠበቃ አልለመነም፤ ሚዛኑን ራሱ ያዘ፤ ሲሳሳትም ራሱ አረመ። እንግዲህ በገበሬው ስም ከመናገራችን በፊት ድምፁን ለራሱ እንተውለት።