በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚነገር እውነት



የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ርቀት መጠበቅና ስለ ጭምብል ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ብዙ ስላልተነገረለት ስፍራ፣ ስለ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በር ነው።

በዚህ ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ አንዲት ሲስተር አሉ። ወረርሽኙ ምን እንዳመጣባቸው ስጠይቃቸው ስለ ድካማቸው አላወሩም። «የሚያስለውን ሰው አልፈራም፤ የምፈራው ሳሉን የሚደብቀውን ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

ሲስተር በየዕለቱ የሚሰሙት ቅሬታ «እኔ ቀድሜ መጥቼ ሳለ ስለ ምን ሌላው ይቀድማል?» የሚል ነው። በድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው በመምጫ ሰዓት ሳይሆን በሕመሙ ጽናት ነው። በሩ ላይ ያለው ባለሙያ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የሰውነት ሙቀትንና ንቃትን መርምሮ ሕሙማንን በቀለም ይለያል። ቀይ ለአፍታም ሊዘገይ የማይችል፣ ብርቱካናማ እጅግ አስቸኳይ፣ ቢጫ አስቸኳይ፣ አረንጓዴ ደግሞ መጠበቅ የሚችል ነው። ስለዚህ እንዲጠብቅ የተነገረው ሰው የተረሳ አይደለም፤ ተመርምሮ ጊዜ እንዳለው የታወቀ ነው። በመጠበቅ ላይ ሳለ ሕመሙ ከጠናበት ግን ሳያመነታ ለነርሷ ይንገር።

ወረርሽኙ በዚህ ልየታ ላይ ሌላ ልየታ ጨምሮ ነበር። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ወይም በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር ንክኪ የነበረው ሕመምተኛ ወደ ተለየ ስፍራ ይወሰድ ነበር። ለዚህም ጥያቄ ይቀርብለት ነበር። ብዙዎች «የለብኝም» ይሉ የነበረው በክፋት አልነበረም፤ የጎረቤትን አፍ፣ የለይቶ ማቆያን ብቸኝነት ፈርተው ነው። ይሁን እንጂ የተደበቀው ሳል ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ካለባቸው ሰዎች አጠገብ ያድራል። እውነቱ ዘግይቶ ሲታወቅ ያለ በቂ መከላከያ የረዱት ነርሶችና ሐኪሞች ለ14 ቀናት ከሥራ ይገለሉ ነበር። በዚያ ሰሞን ምጥ የያዛት እናት ወይም በመኪና አደጋ የተጎዳ ወጣት ሲመጣ የሚቀበለው እጅ ያንስ ነበር።

ሌላው የሲስተር ሥጋት መዘግየት ነው። በዚህ በሽታ የደም ኦክስጅን ሲወርድ ሕመምተኛው ሁልጊዜ አይታወቀውም፤ እየተጨዋወተም ሊወርድበት ይችላል። በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ሕመሙ እንደ ጸና ይቆጠራል። መለኪያ በሌለበት ቤት ግን ምልክቶቹን ማስተዋል ያሻል፤ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት። እነዚህ ከታዩ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየሰጡ ማንጋት አይገባም። በነጻ የስልክ መስመር 8335 መረጃ ይጠይቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚያነሡት የአጃቢን ብዛት ነው። የታመመን ብቻውን አለመተው መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን አንዱን ሕመምተኛ ስድስት ሰው ተከትሎት ሲገባ፣ ስድስቱም ቫይረሱን ይዘው ወደ ስድስት ቤት ሊመለሱ ይችላሉ። አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ የቀሩት በስልክ ይጠይቁ፤ ምግብም በእርሱ በኩል ይላኩ።

ሲስተር ከሥራ ሲመለሱ ልብሳቸውን ቀይረው ታጥበው እስኪጨርሱ ልጆቻቸውን አያቅፉም። ከእኛ የሚጠይቁት ጭብጨባ አይደለም፤ በሩ ላይ ለሚያቀርቡት ጥያቄ እውነተኛ መልስ ነው። የሚሰጣቸው መልስ ለጎረቤት የሚወራ ወሬ አይደለም፤ የሕክምና ምስጢር ነውና ይጠበቃል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በወረርሽኝ ዘመን ግን በሽታውን የደበቀ ለጎረቤቱም መድኃኒት ያሳጣል። ስለዚህ የተጠየቅነውን ሳንሸሽግ እንመልስ።