የአንድ ዘፈን ሁለት ባለቤቶች

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ምሽት የተደረገ ንግግር)




ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ፥ «የሌላውን ዘፈን አንሥቶ መዝፈን ስርቆት ነውን?» የሚል ክርክር ተደርጎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። «ስርቆት ነው» ያሉት ወገኖች በጭብጨባ ብልጫ አሸነፉ። እኔ በዚያ ምሽት ከተሸናፊዎቹ ጋራ ነበርሁ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥሁም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያልተነገረ አንድ ነገር አለ። ሁላችንም ስንከራከር የነበረው የተበዳዩ ወገን ምን ጊዜም ደራሲው ነው ብለን ነው። ዘፋኙም ሊበደል እንደሚችል ማንም አላነሣም። ይህን ለማሳየት ከብዙ ምሳሌ ይልቅ አንድ ዘፈን ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ እርሱም «ሪስፔክት» የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነው። የቃሉ ፍች አክብሮት ማለት ነው። የምጠራቸው ዓመቶች፥ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑን የደረሰው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። ኦቲስ በ1941 በጆርጂያ ግዛት ተወልዶ በሜከን ከተማ ያደገ ሰው ነው። የዘፈነውም ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከብሉዝ የተወለደውን «ሶል» የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ ሶል ማለት ነፍስ ማለት ነው። ሸክላዎቹን ያስቀርጽ የነበረው በሜምፊስ ከተማ «ስታክስ» በተባለው ኩባንያ ሲሆን፥ ይህ ኩባንያ ስቱዲዮውን ያቋቋመው በአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ ተነሥተው ወለሉ እንደ ተዳፋት ሆኖ ቀርቷል፤ ሙዚቀኞቹ በዚያ በዘመመ ወለል ላይ ቆመው ይጫወቱ ነበር። ከተማው ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ የማይቀመጥበት ሲሆን፥ በዚያ አዳራሽ ግን ጊታር መቺውና ባስ መቺው ነጮች፥ ከበሮ መቺውና ኦርጋን ተጫዋቹ ጥቁሮች ነበሩ።

«ሪስፔክት» የተቀረጸው በ1965 በጁላይ ወር ነው። ስለ አወጣጡ የሚነገረው ታሪክ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዶች፥ ኦቲስ ከረጅም የዘፈን ጉዞ ተመልሶ ሲያማርር፥ ከበሮ መቺው አል ጃክሰን፥ ወደ ቤት ሲገቡ ጥቂት አክብሮት ካገኙ ሌላ ምን ይፈለጋል ብሎ ቢመልስለት፥ ያንን ቃል ይዞ ዘፈን አደረገው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣው ከጓደኞቹ አንዱ ነበር፥ ኦቲስ ግን እንደ አዲስ ጻፈው ይላሉ። እንግዲህ ገና ከመነሻው የማን ነው የሚለው ጥያቄ አልጠፋም ማለት ነው። በሸክላው ላይ የታተመው ስም ግን የኦቲስ ብቻ ነው።

በኦቲስ አፍ ዘፈኑ የባል ዘፈን ነው። ሠርቶ፥ ገንዘብ ይዞ፥ ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሚስቱን አክብሮት ይጠይቃል። ፍጥነቱ የሚያስቸኩል ነው፤ ጥሩምባዎቹ ከኋላው ይገፉታል፤ እርሱም ግማሹን እየለመነ ግማሹን እያዘዘ ይጮኻል። ሸክላው በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ 4ኛ፥ በጠቅላላው የአገሪቱ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1966 ከሚሺጋን ግዛት የመጡ «ራሽናልስ» የተባሉ ነጭ ወጣቶች ደግመው ዘፈኑት። ለጊታር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ አሪታ ፍራንክሊን እንምጣ። አሪታ በ1942 በሜምፊስ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በዲትሮይት ነው። አባቷ በዚያ ከተማ ስመ ጥር ሰባኪ ስለ ነበሩ፥ መዝሙር በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ተማረች፤ ፒያኖም ትጫወታለች። በ18 ዓመቷ «ኮሎምቢያ» ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋራ ተዋዋለች። እዚያም ስድስት ዓመት ያህል ስትቆይ አንድ ጊዜ ጃዝ፥ አንድ ጊዜ የቲያትር ዘፈን እየሰጡ አዘፈኗት፤ ድምፅዋን ሁሉም አደነቀ፥ ነገር ግን ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም። በ1966 መጨረሻ ወደ «አትላንቲክ» ኩባንያ ተሻገረች። በ1967 በጃንዋሪ ወር በአላባማ ግዛት መስል ሾልስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዳ ሥራ ጀመረች፤ አንድ ዘፈን እንደ ተቀረጸ በአጃቢዎቿና በአካባቢው ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሥራው ተቋረጠ። የአትላንቲኩ ጄሪ ዌክስለር የአላባማዎቹን ሙዚቀኞች ወደ ኒው ዮርክ አስመጣቸው። «ሪስፔክት» የተቀረጸው በዚያ፥ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ነው። ዘፋኟ ገና 24 ዓመቷ ነበር፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን በጥቂት ዓመት ብቻ ብትበልጥ ነው።

አሪታ ምን ለወጠች? እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

በመጀመሪያ ተናጋሪውን ለወጠች። ኦቲስ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ባል ሆኖ የዘፈነውን፥ እርስዋ የራሷ ያላት፥ የማትለምን ሴት ሆና ዘፈነችው። ጥቂት ቃላት ብቻ ተነክተው የቤቱ ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። ሁለተኛ፥ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ እየቆጠረች መጥራቷ በኦቲስ ዘፈን ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ነገር ነው። ዛሬ ዘፈኑን የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን የፊደል ቆጠራ ያውቀዋል። ሦስተኛ፥ እኅቶቿ ካሮሊንና ኧርማ ከኋላ የሚቀበሉት ፈጣን ቃል፥ ከመንገድ አነጋገር የተወሰደ፥ የእነርሱ ጭማሪ ነው። አራተኛ፥ የኦቲስ ዘፈን በመካከሉ የሚያሳርፍ ክፍል አልነበረውም፤ እዚህ ግን ኪንግ ከርቲስ የሚነፋው የሳክስፎን ክፍል ገባ። ከሥሩ ያለውም የድምፅ መሠረት ሳም እና ዴቭ ከተባሉት ዘፋኞች ሌላ ዘፈን የተወሰደ ነው። እነሆ በአንድ ሸክላ ውስጥ ብድር በብድር ላይ! የከሳሾቹ ወገን ይህን ቢያውቅ ኖሮ ባለፈው ወር ክርክሩን በእጥፍ ያሸንፍ ነበር።

ስለዚህ ቃል ሌላም ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እኛ ሰውን ማክበራችን በግሡ ውስጥ ይታወቃል፤ «ና» እና «ይምጡ» ብለን ተለያይተናል። በእንግሊዝኛ ግን አክብሮት የሚገለጸው ከስም በፊት በሚጨመረው መጠሪያ ነው፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ነጮች ጥቁሩን፥ ሽማግሌ እንኳ ቢሆን፥ ያንን መጠሪያ ነፍገው በስሙ ብቻ፥ አለዚያም «ልጅ» እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1963 በአላባማ ግዛት በጋድስደን ከተማ ሜሪ ሐሚልተን የተባለች የእኩልነት ታጋይ በፍርድ ቤት ለምስክርነት ስትቆም፥ ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ጠራት። እርስዋም ወይዘሪት ሐሚልተን ተብላ ካልተጠራች መልስ እንደማትሰጥ ተናገረች። ዳኛው ፍርድ ቤት ደፍረሻል ብሎ የ5 ቀን እስራትና የ50 ዶላር መቀጫ ፈረደባት። በ1964 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ኦቲስ ዘፈኑን የቀረጸው ከዚህ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ነው። አንዲት ጥቁር ሴት ያንን ቃል ፊደል በፊደል ስትቆጥረው የሰሙት ሰዎች የሰሙት የባልና የሚስት ጠብ ብቻ አልነበረም። ሰሙ የቤት ነገር ነው፤ ወርቁን እያንዳንዱ ከገዛ ኑሮው ያወጣዋል። ሸክላው በ1967 በጁን ወር የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ በጥቁሮች ሰንጠረዥ ደግሞ ስምንት ሳምንት። በጁላይ ወር በአሪታ ከተማ በዲትሮይት ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ሲነሣ፥ ዘፈኑ ገና ከየራዲዮኑ ይሰማ ነበር።

ኦቲስስ ምን አለ? በዚያው በጁን ወር በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ በተደረገው የሙዚቃ በዓል ላይ፥ ይህን ዘፈን አንዲት ልጅ ወስዳብኛለች ብሎ እየሳቀ ለሕዝቡ ነገረና የራሱን አዜማ ዘፈነ። በፊልም የተቀረጸ ስለ ሆነ ሳቁን ማየት ይቻላል። እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ቅሬታ ያለበት ሳቅ አይመስለኝም። በዲሴምበር 10 ቀን 1967 ግን ይሄድበት የነበረው አውሮፕላን በዊስኮንሲን ግዛት ከአንድ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ በ26 ዓመቱ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የዘፈኑት ብዙዎች ናቸው፤ ስቲቪ ወንደር በዚያው በ1967 ዘፍኖታል፤ አዴቫ የተባለችው ዘፋኝ በ1989 ለዳንስ ቤት በሚሆን ምት አውጥታዋለች። ሁሉም ከአሪታ ጋራ ይታገላሉ እንጂ ከኦቲስ ጋራ አይታገሉም። የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል የሚል ሰው ይኖራል፤ ግን ገና ነው፥ የገንዘቡን ነገር አልነገርኋችሁምና።

በአሜሪካ ከ1909 ጀምሮ በነበረው ሕግ፥ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ በደራሲው ፈቃድ በሸክላ ከወጣ በኋላ፥ ማንም ሰው ሕጉ የወሰነውን ዋጋ እየከፈለ ደግሞ ሊዘፍነው ይችላል። ዋጋው በ1967 በአንድ ሸክላ 2 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ አሪታ ኦቲስን ማስፈቀድ አላስፈለጋትም፤ የሰረቀችውም ነገር የለም። የእርስዋ ሸክላ በተሸጠ ቁጥር የደራሲው ድርሻ ለደራሲው ወገን ይገባ ነበር። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ የባለፈው ወር ክስ በዚህ ይወድቃል።

ነገር ግን ዘፈኑ በራዲዮን ሲሰማስ? የአሜሪካ ሕግ የተለመዱት የራዲዮን ጣቢያዎች ለደራሲና ለአሳታሚ እንዲከፍሉ ያስገድዳል፤ ለዘፋኙ ግን እንዲከፍሉ አያስገድድም። አሪታ ከሸክላው ሽያጭ ድርሻ ነበራት። ነገር ግን ከ50 ዓመት በላይ በየቀኑ በየጣቢያው «ሪስፔክት» ሲሰማ፥ ለደራሲው ወገን ሲከፈል ለእርስዋ አንድ ሳንቲም አልተከፈላትም። የፊደሉ ቆጠራ የእርስዋ ነው፤ የእኅቶቿ ምላሽ አለበት፤ የሳክስፎኑ ክፍል በእርስዋ ሸክላ ላይ የተጨመረ ነው። በድርሰቱ መዝገብ ላይ ግን ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። በ1995 የወጣ ሕግ በሳተላይትና በኢንተርኔት ለሚሰማው ለዘፋኞች ክፍያ ቢፈቅድም፥ ከ1972 በፊት የተቀረጹትን ሸክላዎች አላካተተም። ይህ ጉድለት የተስተካከለው በኦክቶበር 2018 በወጣ ሕግ ነው። አሪታ የሞተችው በዚያው ዓመት ኦገስት 16 ቀን ነው፤ ሁለት ወር አልሞላም።

በቅንፍ አንድ ነገር ልጨምር። የኦቲስ ኩባንያ ስታክስም ሸክላዎቹን ያከፋፍል የነበረው በአትላንቲክ በኩል ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1968 ሲለያዩ፥ ውሉ በደንብ ሳይነበብ ተፈርሞ ኖሮ፥ ያከፋፈላቸው ዋና ቅጂዎች ሁሉ የአትላንቲክ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የኦቲስን ድምፅ የያዘው ክርም የአሪታን ድምፅ የያዘው ክርም በአንድ ሣጥን ውስጥ ገቡ። እዚህ ያላችሁ የሕግ ተማሪዎች፥ ውል አንብቡ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ትዝታን ማን ደረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ግጥም ያስገባበታል፤ አዝማሪም ከአድማጩ ቃል እየተቀበለ ይዘፍናል። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ሌላው የዘፈነውን ደግሞ መዝፈን ለእኔ ነውር ሆኖ የማይታየኝ። ሕጋችንም በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ነው፤ ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ሕጉ ይህን ሲል እኛ በዚህ ግቢ ምን እናደርጋለን? ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት በአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ምሽት ላይ አንድ የቆየ ዘፈን ዘፍኜ ነበር። ስወርድ ከእንግዶቹ መካከል አንድ አዛውንት ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ ግጥሙ የማን ነው?» አሉኝ። የዘፋኙን ስም ነገርኋቸው። «እሱን አውቃለሁ፤ ግጥሙን ነው የጠየቅሁህ» አሉ። አላውቅም ነበር። ዜማውንም ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር፤ ያጀቡትን ሰዎች ስም ደግሞ ለማወቅ ያሰብሁበት ጊዜ የለም። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ማታ በበር ላይ በታደላችሁ ወረቀት ላይ፥ ቡድናችን ከሚያቀርባቸው ስምንት ዘፈኖች በእያንዳንዱ ትይዩ የግጥሙ ደራሲ፥ የዜማው ደራሲና አስቀድሞ የዘፈነው ሰው ስም ተጽፏል። ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። በሁለቱ ዘፈኖች ላይ ባዶ ቦታ ታያላችሁ፤ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ከመውጣቱ በፊት እርሳስ ከጸሓፊያችን ዘንድ ያገኛል።

አሁን ሁለቱን ሸክላዎች አሰማችኋለሁ። የኦቲስ ይቀድማል። ስትሰሙ ከበሮውን ተከተሉ፤ በአሪታው ላይ ደግሞ ፒያኖውን የምትመታው ራስዋ ስለ ሆነች፥ አንድ ጊዜ ድምፅዋን ትታችሁ እጅዋን ብቻ ለመስማት ሞክሩ።